ከአእምሯችሁ ጋር ሳትጣሉ ለመዋል

ራስን ስለ መንከባከብ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። በጠዋት ተነሱ፣ ስፖርት ሥሩ፣ ጸጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ማታ ማታ የውሎ ማስታወሻ ጻፉ። ምክሩ ክፋት የለውም። ግን ኤዲኤችዲ (ትኩረትን መምራትና ረግቶ መቀመጥ የሚከብድበት)፣ ኦቲዝም (ከሰው ጋር መግባባትና የስሜት ሕዋሳት ከብዙኃኑ በተለየ መንገድ የሚሠሩበት)፣ ዲስሌክሲያ (ማንበብና መጻፍ የሚከብድበት) ወይም የመሳሰለው ተፈጥሮ ላለው ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ የቤት ሥራ ሆኖ ያርፋል። ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሳምንት ሳይሞላው ይረሳል፤ የሚተርፈው ራስን መውቀስ ነው።

ስለዚህ እዚህ የምንጀምረው በመቀነስ ነው። መጀመሪያ ጉልበት የሚበላውን ፈልጋችሁ ታቃልላላችሁ። ስለ ሥራና ስለ ሰው የምናወራው ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን አትጀምሩ። አንዱን ደረጃ ይዛችሁ ሁለት ሳምንት ብትቆዩ በቂ ነው፤ የማይመቻችሁን ብትዘሉትም የሚቆጣችሁ የለም። ከሐኪም የተጻፈ የምርመራ ውጤት ባይኖራችሁም አንብቡት። ጆሮን ከጫጫታ ለማሳረፍ ወረቀት አይጠየቅም።

1. ጉልበታችሁን ምን እንደሚበላው እወቁ

ለአንድ ሳምንት፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለምሳሌ ከምግብ በኋላ፣ ሁለት ነገር ብቻ መዝግቡ። አሁን ምን እያደረግኩ ነበር? ጉልበቴ ከ0 እስከ 5 ስንት ላይ ነው? በቃ። መጻፍ የሚከብዳችሁ ከሆነ ስልካችሁ ላይ በድምፅ ቅዱት፤ ወይም ካላንደር ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነጥብ አድርጉ።

«ምን ተሰማኝ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ኦቲዝም ካላቸው ሰዎች ብዙዎቹ፣ ኤዲኤችዲ ካላቸውም ጥቂት የማይባሉት፣ ስሜታቸውን ለይተው በስም መጥራት ይቸግራቸዋል። ስሜቱ አለ፤ ስሙ ግን ዘግይቶ ይመጣል። ሰውነታችሁን መጠየቅ ይቀላል። ጥርሴን ነክሻለሁ? ትከሻዬ ወደ ላይ ተሰብስቧል? ሰው ሲያናግረኝ ቃሉ እስኪገባኝ ጊዜ እየወሰደ ነው? ተራ ድምፅ እያናደደኝ ነው?

ሳምንቱ አልቆ መዝገቡን ስታዩ ትልልቅ ነገር አትጠብቁ። ጉልበት የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ በጥቃቅኑ ነው። ድንገት የሚደወል ስልክ። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲያወሩ መስማት። ጠዋት ልብስ መምረጥ። «ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ» ተብሎ ስንት ሰዓት እንደሆነ ያልተነገረ ቀጠሮ።

ከሁሉም በላይ ልታዩት የሚገባው ግን ሌላውን ሰው መስሎ መዋልን ነው። ሳይመቻችሁ የሰውን ዓይን ትክ ብሎ ማየት፣ የምትናገሩትን ቀድሞ በልብ መለማመድ፣ መንቀሳቀስ የሚፈልግ እጅን ኪስ ውስጥ መደበቅ፣ ቀልዱ ሳይገባ አብሮ መሳቅ። ይህ ሁሉ ደመወዝ የማይከፈልበት ሥራ ነው። በኦቲዝም ዙሪያ የተሠሩ ጥናቶች ለረጅም ጊዜ መስሎ መኖር ከከባድ ድካም፣ ከጭንቀትና ከድባቴ ጋር እንደሚያያዝ ደጋግመው አሳይተዋል። ሁልጊዜ መተው አይቻልም፤ አንዳንድ ቦታ መስሎ መዋል ራስን መጠበቂያ ነው። ዋጋውን ማወቅ ግን ይቻላል። ሙሉ ቀን መስላችሁ የምትውሉበት ስብሰባ ካለ ምሽቱን ባዶ አድርጉት።

ደግሞ ድካሙ በሰዓቱ ላይመጣ ይችላል። ግብዣ ላይ ሲስቅና ሲጫወት ያመሸ ሰው በማግስቱ ከአልጋ መነሣት ቢያቅተው ምክንያቱን በዚያው ጠዋት ቢፈልግ አያገኘውም። ዝቅ ያለ ቁጥር ስታዩ ያለፈውን አንድ ቀን ሙሉ ወደ ኋላ ሄዳችሁ እዩ።

የሚያሳርፋችሁንም በዚያው ለዩ። ለሁሉም ሰው ዕረፍት ማለት ጸጥታ አይደለም። ኤዲኤችዲ ያለበት ሰው ተጋድሞ ጣሪያ ከሚያይ ፈጣን ሙዚቃ ከፍቶ ቢራመድ ይበልጥ ሊያርፍ ይችላል። ሌላው ስለሚወደው አንድ ጉዳይ፣ ስለ ባቡርም ይሁን ስለ ጉንዳን፣ ለሰዓታት ሲያነብ ነው ነፍሱ የምትመለሰው። እ.ኤ.አ. በ2005 ዳይና መሬይ፣ ማይክ ሌሰርና ዌን ሎውሰን ባሳተሙት ጽሑፍ ኦቲዝምን ያስረዱት ትኩረት ወደ ጥቂት ጉዳዮች ብቻ በኃይል የሚሳብበት አእምሮ አድርገው ነው። ነገሩን እንዲህ ካየነው፣ ያን ትኩረት በየአሥር ደቂቃው ማቋረጥ ለምን እንደሚያደክም ግልጽ ነው። «ይህን ተወውና ቁም ነገር ሥራ» የሚላችሁን ሰው በዚህ ጉዳይ አትስሙት።

2. ጆሮን፣ ዓይንንና ቆዳን አሳርፉ

ድምፅ፣ ብርሃን ወይም የልብስ ስፌት ከመጠን በላይ መረበሹ ቅብጠት አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው አምስተኛ የምርመራ መመሪያው ይህን የስሜት ሕዋሳት ልዩነት ከኦቲዝም መለያዎች እንደ አንዱ አስገብቶታል። ኤዲኤችዲ ያላቸው ብዙ ሰዎችም ይጋሩታል።

ብዙ ሰዓት የምታሳልፉበትን አንድ ክፍል ምረጡ። መሐሉ ላይ ቆማችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑና አንድ ደቂቃ አዳምጡ። ከዚያ ዓይናችሁን ገልጣችሁ ብርሃኑን እዩ። ከሁሉ የሚረብሻችሁን አንዱን ነገር ዛሬውኑ ቀይሩ።

ለድምፅ፦ የጆሮ መድፈኛ እና ጩኸት የሚያጠፋ የጆሮ ማዳመጫ ሥራቸው ይለያያል። ማዳመጫው ጥሩ የሚሆነው እንደ ቬንትሌተር ወይም እንደ አውሮፕላን ሞተር ላለ የማያቋርጥ ዝቅተኛ ድምፅ ነው። የሰው ወሬ በከፊል ያልፈዋል። ለወሬ መድፈኛው፣ ወይም ማዳመጫው ላይ የዝናብ ድምፅ መክፈት ይሻላል። ቀኑን ሙሉ ግን አታድርጉት። ጆሮ ጸጥታን ከለመደ ተራው ድምፅ ይበልጥ ያስደነግጠዋል። መንገድ ስትሻገሩም አውልቁት።

ለብርሃን፦ የጣሪያውን አጥፍታችሁ ከጎን የሚበራ መብራት ተጠቀሙ። አምፖል ስትገዙ ካርቶኑ ላይ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚለውን ፈልጉ፤ እሱ ቢጫ የሚያደላና ለዓይን የለሰለሰ ነው። አሮጌ የፍሎረሰንት መብራት በሴኮንድ 100 ወይም 120 ጊዜ ይርገበገባል። አብዛኛው ሰው አያስተውለውም፤ አንዳንዱን ግን ራስ ምታት ይለቅበታል። ቢሮ ውስጥ መቀየር ካልቻላችሁ ዓይን ላይ ጥላ የሚጥል ኮፍያ ወይም መስኮት አጠገብ ያለ ወንበር ይረዳል።

ለልብስ፦ ውስጡ የተሰፋውን የፋብሪካ ምልክት ቁረጡት፤ የውስጥ ልብስና ካልሲ ገልብጣችሁ ልበሱ፤ የተመቻችሁን ልብስ ካገኛችሁ ሁለት ሦስት አንድ ዓይነት ግዙ። ሰው አያስተውልም፤ ቢያስተውልስ?

የተገላቢጦሹም አለ። ሰውነቱ ተጨማሪ ስሜት የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። ማስቲካ ማኘክ፣ ወንበር ላይ መወዛወዝ፣ እጅ ውስጥ የሚያገላብጡት ነገር መያዝ፣ ከበድ ያለ ብርድ ልብስ መልበስ ያረጋጋል። (ከባዱ ብርድ ልብስ ለሕፃናትና የመተንፈስ ችግር ላለባቸው አይሆንም።) እጅን ማርገብገብ ወይም መወዛወዝ ሰውነት ራሱን የሚያረጋጋበት መንገድ ስለሆነ፣ ማንንም ካልጎዳ አታፍኑት። ራስን መንከስ ወይም መምታት ከሆነ ግን የሚተካው ነገር መፈለግ አለበት፤ ለምሳሌ የሚታኘክ ላስቲክ ወይም ትራስ መጭመቅ።

3. ሰውነታችሁ ሳይጠራችሁ ድረሱለት

አንዳንድ ሰው ረሃብን የሚያውቀው እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው። ሽንቱንም እስከ መጨረሻው ደቂቃ አይሰማውም። ከውስጥ የሚመጣው ምልክት ይደክማል፣ ወይም አንድ ነገር ውስጥ ሲመሰጡ ጨርሶ ይጠፋል። ስለዚህ «ሲርበኝ እበላለሁ» የሚለው እቅድ አይሠራም።

ምግብን ከስሜት ሳይሆን ከሰዓት ወይም ከሌላ ድርጊት ጋር እሰሩት። ኮምፒውተር ስከፍት ውኃ እጠጣለሁ። ስብሰባ ሲያልቅ ሽንት ቤት እሄዳለሁ። ውኃው በዓይን የሚታይበት ቦታ ይቀመጥ፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ነገር ኤዲኤችዲ ላለበት ሰው እንደሌለ ነው። ምንም ማብሰል የማይጠይቁ ሦስት ምግቦች ስም ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ። በደህና ቀን ስትሆኑ ነው የምትጽፉት፤ በከፋው ቀን እያነበባችሁ ብቻ ትመርጣላችሁ። በየቀኑ አንድ ዓይነት ምግብ መብላት ኃጢአት አይደለም። የምትበሏቸው ምግቦች ቁጥር እየቀነሰ ከሄደና ክብደታችሁ ከወረደ ግን ለሐኪም ንገሩ።

እንደ ሜቲልፌኒዴት ያለ የኤዲኤችዲ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የምግብ ፍላጎቱ ቀን ቀን ሊዘጋ ይችላል። ጠዋት ከመዋጣችሁ በፊት በደንብ ብሉ፤ ማታ ፍላጎቱ ሲመለስም የሚበላ ነገር ይኑር። መጠኑን በራሳችሁ አትቀንሱ፣ አታቋርጡም።

እንቅልፍ ሌላ ጣጣ ነው። ኤዲኤችዲ ካላቸው ብዙዎቹ የሰውነታቸው ሰዓት ወደ ኋላ የዘገየ ነው፤ ሰው ሲተኛ እነሱ ይነቃሉ። በጉልበት ቶሎ መተኛት ብዙም አይሆንም። የሚያዋጣው ከጠዋቱ መጀመር ነው። እንደተነሣችሁ የቀን ብርሃን ይንካችሁ፤ የመነሻ ሰዓታችሁ በዕረፍት ቀንም ብዙ አይለያይ። ቡናውን አስቡበት። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት ማታ 3 ሰዓትም ግማሹ አብሯችሁ ነው።

ገላ መታጠብ ሲያቅታችሁ በእርጥብ ፎጣ ተጠራረጉ። ጥርሳችሁን ተቀምጣችሁ ቦርሹ። አረፋና ኃይለኛ ጣዕም የሌለው የጥርስ ሳሙናም አለ። ግማሹን መሥራት እንደ ሥራ ይቆጠራል።

4. ለመጀመር የሚያግዝ ነገር አዘጋጁ

ምን መሥራት እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ። ትፈልጋላችሁም። ግን ተቀምጣችሁ ራሳችሁን ትታዘባላችሁ። ከውጭ ለሚያይ ስንፍና ይመስላል። ሰነፍ ሰው ግን አለመሥራቱ ያን ያህል አያሰቃየውም። ማወቅና መጀመር በአእምሮ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ እናንተን የሚያስቸግራችሁ ሁለተኛው ነው።

መጀመሪያ ሥራውን ወደ አንድ የእጅ እንቅስቃሴ አሳንሱት። «ቤት ማጽዳት» አይጀመርም። «ይህን ኩባያ ማንሣት» ይጀመራል። ካነሣችሁት በኋላ ብታቆሙም ኩባያው ተነሥቷል።

ያ ካልሠራ ሰው ጋብዙ። የሚያግዝ ሳይሆን አብሮ የሚቀመጥ። እሱ የራሱን ሥራ ይሠራል፣ እናንተ የራሳችሁን፤ በቪዲዮ ስልክም ይሆናል። አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ብዙዎችን የሚያንቀሳቅስ ዘዴ ነው። ነፃ መሆኑ ደግሞ ደስ ይላል።

ታይመር የሚወዱ አሉ። የታወቀው ፖሞዶሮ የሚባለው ነው፤ ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ተማሪ ሳለ የጀመረው፣ 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ ማረፍ። ለአሰልቺ ሥራ ግሩም ነው። ለሚመስጣችሁ ሥራ ግን እኔ አልመክረውም። ሞቅ ሲላችሁ ይጮህና ሁሉን ያበላሸዋል። እዚያ ላይ የሚያስፈልጋችሁ የመውጫ አላርም ነው፤ አንዱ 15 ደቂቃ ሲቀር፣ ሌላው ሰዓቱ ሲደርስ። ከአንድ ሥራ ወደ ሌላው መሻገር ራሱ ጊዜ ይፈልጋልና በሁለት ቀጠሮ መካከል ባዶ ቦታ ተዉ።

ጊዜ ስንት እንደሚፈጅ በግምት አትመኑ። ከቤት ለመውጣት በእርግጥ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድባችሁ አንድ ቀን በሰዓት ለኩት። ቁጥሩ ያስገርማችኋል፤ ግን ከዚያ ወዲያ እሱን ትጠቀማላችሁ።

ማስታወሻ ደብተርና አፕን በተመለከተ፦ አንድ ቦታ ብቻ ይሁን። አዲስ አፕ ለሁለት ሳምንት እንደ ተአምር ይሠራና ይሰለቻል። ያ የሚጠበቅ ነው። ቀይሩት፣ ከወር በኋላም ወደ ድሮው ተመለሱ።

5. ሞልቶ ለሚፈስበት ቀን እቅድ ይኑራችሁ

ጫናው ከአቅም ሲያልፍ አንዳንዱ ሰው ይፈነዳል፤ ያለቅሳል፣ ይጮኻል፣ ዕቃ ይወረውራል። አንዳንዱ ይዘጋል፤ ቃል አይወጣውም፣ ከተቀመጠበት መነሣት ያቅተዋል። ሁለቱም ማኩረፍ ወይም ፀባይ ማጣት አይደሉም። በዚያ ሰዓት ማሰብ ስለማይቻል እቅዱ የሚጻፈው ዛሬ፣ ደህና ሳላችሁ ነው።

የራሳችሁን ቀዳሚ ምልክቶች ሁለት ጻፉ። ቀጥሎ የመውጫ ቦታችሁን፤ ሽንት ቤት፣ መኪና ውስጥ፣ ደረጃ ላይ፣ የትም ይሁን። ከዚያ ስልካችሁ ላይ አንድ ጽሑፍ አዘጋጁ፦ «አሁን መናገር አልቻልኩም። ደህና ነኝ። ብርሃንና ድምፅ ቀንሱልኝ፣ ጥያቄ አትጠይቁኝ፣ እመለሳለሁ።» ማሳየት ብቻ ነው።

በሰዓቱ የሚገባውን ነገር ሁሉ ቀንሱ። መብራት፣ ድምፅ፣ ሰው፣ ጥያቄ። ከማስገባት ይልቅ ማውጣቱን አርዝማችሁ ተንፍሱ። ቀዝቃዛ ውኃ ፊት ላይ ማድረግ የልብ ምትን ዝቅ ያደርጋል፤ የልብ ሕመም ያለበት ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያድርገው። ሲያልፍም ወዲያው «እንነጋገርበት» አይባልም። ተኙ፣ ብሉ፣ የቀረውን ቀን አቅልሉት።

በማግስቱ ስታስቡት መጨረሻ ላይ ያፈነዳችሁን ነገር አትፈልጉ። እሱ አብዛኛውን ጊዜ ተራ ነገር ነው፤ የወደቀ ማንኪያ። ከዚያ በፊት የነበሩትን ሰዓታት እዩ።

6. ስለ ቀናችሁ አስቡ፣ ግን በልክ

ማሰላሰል ጥሩ ነው። ችግሩ አንዳንድ አእምሮ ከማሰላሰል ወደ ማመንዠክ ለመሻገር አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም፤ በተለይ ማታ፣ አልጋ ላይ። ስለዚህ ቀን አድርጉት፣ አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ ቢቻል እየተራመዳችሁ።

ጥያቄዎቹ ስለ ሁኔታው እንጂ ስለ ማንነታችሁ አይሁኑ። ዛሬ ምን ቀለለኝ? ምን ከበደኝ፣ ያን ጊዜስ ዙሪያዬ ምን ነበር? ለነገ አንድ ነገር ልቀይር ብል የቱን? «ለምን እንደ ሰው አልሆንም?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፤ ሲመጣ «ምን ጎድሎኝ ነበር?» በሚለው ተኩት። መልሱ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ጸጥታ ወይም ግልጽ መረጃ ሆኖ ይገኛል።

የሰው ፊት መቀየር ወይም አጭር መልእክት አንጀታችሁን የሚቆርጠው ከሆነ አንድ ደንብ ያዙ። በዚያው ሰዓት መልስ አትስጡ። መልሱን ጻፉት፣ አትላኩት፣ ነገ አንብቡት።

7. ለቅርብ ሰው ንገሩ

እ.ኤ.አ. በ2012 እሱ ራሱ ኦቲዝም ያለው እንግሊዛዊው የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ዴሚያን ሚልተን አንድ ሐሳብ አቀረበ። ኦቲዝም ባለውና በሌለው ሰው መካከል ያለው አለመግባባት የሁለቱም ነው፤ አንዱ ሌላውን ባለመረዳት እኩል ይሳሳታል አለ። ይህ ለብዙዎች ሸክም አቅልሏል። እናንተ ሰው እንዴት እንደሚያስብ ስትማሩ ኖራችኋል፤ ቅርባችሁ ያለው ሰው በተራው ትንሽ ቢማር ምንም አይደለም።

የተፈጥሯችሁን ስም መናገር ግዴታ አይደለም፤ በተለይ ሥራ ቦታ። የሚያስፈልጋችሁን ብቻ መጠየቅ ይቻላል። «እባክህ በጽሑፍ ላክልኝ፣ በቃል የተነገረኝ ይጠፋብኛል።» «ከመምጣትሽ በፊት ደውዪልኝ።» «ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም፣ እያሰብኩ ነው።» ጥያቄው ባጠረና በጠራ ቁጥር እሺ የሚባልበት ዕድል ይሰፋል። መስሎ መዋልን መተውም ከአንድ የምታምኑት ሰው ጋር ይጀመር፤ ሁሉም ሰው ደኅና አይደለም።

8. ይህ ሁሉ ሳይበቃ ሲቀር

ድካሙ ከዕረፍት ቀናት በኋላም ካልለቀቀ፣ ድሮ ይቀልላችሁ የነበረው (ማብሰል፣ መናገር፣ ሥራ መሄድ) ከከበደ፣ ድምፅና ብርሃን መቻል ከቀነሰ፣ ነገሩ ከተራ ድካም አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዶራ ሬይሜከርና ሌሎች ተመራማሪዎች ኦቲዝም ካላቸው ሰዎች ጋር ባደረጉት ጥናት የኦቲዝም መዛልን የገለጹት በእነዚሁ ሦስት ምልክቶች ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 3 ወርና ከዚያ በላይ ይቆያል። ከድባቴ ጋር ይመሳሰላል፤ ሁለቱ አብረውም ሊመጡ ይችላሉ። ልዩነቱን ለብቻችሁ ለመለየት አትታገሉ፣ ባለሙያ አማክሩ። ራስን የመጉዳት ወይም የመሞት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ለሰው ንገሩ፣ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ሂዱ።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ከደረጃ 1 የያዛችሁትን መዝገብ ውሰዱ። ከላይ ሦስት መስመር ጻፉበት፦ ምን ተቀየረ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን እንዲደረግላችሁ ትፈልጋላችሁ። ፊት ለፊት ስትቀመጡ ቃል ከጠፋባችሁ ወረቀቱን ስጡት። መጠበቂያው ክፍል የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ቀጠሮ ስትይዙ የመጀመሪያውን ሰዓት ጠይቁ፤ ውጭ ቆይታችሁ ተራ ሲደርስ በስልክ እንዲጠሯችሁም መጠየቅ ይቻላል። የሚነገራችሁን የሚጽፍላችሁ አንድ ሰው አብሯችሁ ቢገባ ደግሞ ቤት ስትደርሱ «ምን ነበር ያለው?» ከማለት ትድናላችሁ።